ተጎታች በሚስብ የናፍጣ ፒክአፕ ሞተር ውስጥ «መደበኛ ሙቀት» ምን ማለት ነው?

አኅጽሮት

ተጎታች የሚስብ የናፍጣ ፒክአፕ ዳገት ሲወጣ የሞተሩ ሙቀት ከባዶ ጉዞው ከፍ ማለቱ የማይቀር ነው። ይህ ጽሑፍ ጭማሪው ከየት እንደሚመጣ በቀላል ስሌት ያሳያል፤ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የሞተር ዘይት፣ የጭስና የካምቢዮ ዘይት ሙቀቶች በጭነት ጊዜ የሚኖራቸውን ወሰን ይዘረዝራል፤ የቦታ ከፍታ በፈሳሹ የመፍላት ነጥብ ላይ የሚያደርሰውንም ተጽዕኖ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ «መደበኛ ሙቀት» በአንድ ቁጥር የሚገለጽ ሳይሆን በሚመነጨውና በሚወገደው ሙቀት መካከል ያለ ሚዛን ነው የሚል ነው።

1. መግቢያ

የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ፒክአፕ ለከባድ ሥራ የታሰበ ተሽከርካሪ ነው። ሆኖም ጄኔሬተር፣ የውኃ ታንከር ወይም የግንባታ መሣሪያ የጫነ ተጎታች ከኋላው ሲታሰር አጠቃላይ ክብደቱ በእጥፍ ሊጨምር ይችላል። በሜዳ ላይ ይህ ጭማሪ ብዙም አይሰማም። ዳገቱ ሲጀመር ግን የማራገቢያው ድምፅ ይጎላል፤ ለወራት ከአንድ ቦታ ያልተነቃነቀው የሙቀት ጠቋሚም ወደ ላይ መጓዝ ይጀምራል።

በዚህች ቅጽበት የሚወሰነው ውሳኔ ዋጋ ያስከፍላል። ሳያስፈልግ መቆም ጊዜ ያባክናል፤ ጠባብ በሆነ የተራራ መንገድ ላይ ከሆነም ለግጭት ያጋልጣል። መቆም ሲገባ መቀጠል ደግሞ ቴስታታን ያጣምማል፤ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ማሸጊያ ያቃጥላል፤ ሲብስም ሞተሩን ሙሉ በሙሉ እስከ ማሳደስ ያደርሳል። ስለዚህ የትኛው የሙቀት ጭማሪ የጤነኛ ሞተር ባሕርይ፣ የትኛው ደግሞ የጉዳት ምልክት እንደሆነ መለየት ለባለሙያም ሆነ ለአሽከርካሪ ተግባራዊ ጥቅም ያለው ዕውቀት ነው።

2. ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በአንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 36 ሜጋጁል ያህል ኃይል አለ። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር በበቂ ጭነት ሲሠራ ወደ መካኒካዊ ሥራ የሚለውጠው ከዚህ ውስጥ ከ35 እስከ 40 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከፊሉ ከጭስ ጋር ይሄዳል፤ ከፊሉ በማቀዝቀዣ ፈሳሹና በዘይቱ አማካይነት ወደ ራዲያተር ይደርሳል፤ ጥቂቱም ከሞተሩ አካል በቀጥታ ወደ አየር ይበተናል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ከነተጎታቹ 5,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ 6 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ እናስብ። ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 54 ኪሎዋት ያህል ያስፈልጋል። የጎማዎች ግጭት ወደ 11 ኪሎዋት፣ የአየር ግፊት ደግሞ ወደ 6 ኪሎዋት ይጨምራሉ። በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነው ሲታከልበት ሞተሩ 80 ኪሎዋት ያህል ማመንጨት ይኖርበታል። የሞተሩ ብቃት 38 በመቶ ነው ብንል የሚቃጠለው ናፍጣ 210 ኪሎዋት ኃይል ይለቃል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሩብ የሚሆነው፣ ይኸውም ወደ 53 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት፣ በራዲያተሩ በኩል መወገድ አለበት።

ይኸው ተሽከርካሪ ያንኑ ተጎታች እየሳበ በሜዳ ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲጓዝ ከሞተሩ የሚፈለገው ኃይል ወደ 19 ኪሎዋት ይወርዳል፤ በራዲያተር በኩል የሚወገደው ሙቀትም 17 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ዳገቱ የማቀዝቀዣውን ሥራ በሦስት እጥፍ አብዝቶታል ማለት ነው። የፍጥነት ነገርም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይታያል። በዚያው ዳገት ላይ ፍጥነቱ ከ60 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢቀነስ የሚያስፈልገው የሞተር ኃይል ወደ 51 ኪሎዋት፣ በራዲያተር የሚወገደው ሙቀትም ወደ 34 ኪሎዋት ይወርዳል። ከሲሶ በላይ የሆነ ቅናሽ የተገኘው ምንም መሣሪያ ሳይቀየር በእግር ብቻ ነው።

ራዲያተሩ የሚያስወግደው የሙቀት መጠን በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው በውስጡ የሚያልፈው አየር ብዛት ነው። ሁለተኛው በፈሳሹና በአካባቢው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተና ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ ከሠራ በኋላ ሥርዓቱ የሚጨምረው ሌላ ነገር የለውም፤ የሚመነጨው ሙቀት ከበዛ የፈሳሹ ሙቀት ራሱ ከፍ ብሎ ልዩነቱን ያሰፋል፤ በዚህም አዲስ ሚዛን ይገኛል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ መደምደሚያ ይከተላል። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን አንድን ዳገት ሲወጣ በ96 ዲግሪ የሚረጋ ሞተር፣ አየሩ 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን ያንኑ ዳገት በዚያው ጭነትና ፍጥነት ሲወጣ በ111 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ሞተሩ አልታመመም፤ አየሩ ነው የሞቀው። የደህንነት ህዳጉ ግን በእርግጥ ጠቧል።

3. አራቱ ሙቀቶች

ስለ ሞተር ሙቀት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የማቀዝቀዣ ፈሳሹ ብቻ ነው። ተጎታች የሚስብ ተሽከርካሪ ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ሙቀቶች አሉት፤ እያንዳንዱም የሚናገረው ነገር የተለየ ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ቁጥሮች ለአብዛኞቹ ዘመናዊ የናፍጣ ፒክአፖች የሚሠሩ አጠቃላይ ወሰኖች ናቸው፤ ለአንድ የተወሰነ ሞተር የአምራቹ መመሪያ ይቀድማል።

3.1 የማቀዝቀዣ ፈሳሽ። ቴርሞስታቱ እንደየሞተሩ ዓይነት ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ክልል መከፈት ይጀምራል፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተውም ከዚያ 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ነው። ያለ ጭነት በሜዳ ላይ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ የተለመደ ነው። ተጎታች እየሳቡ ረጅም ዳገት ሲወጡ እስከ 105 ዲግሪ መድረስ የጤና ምልክት እንጂ የበሽታ አይደለም። ከ105 እስከ 110 ለአጭር ጊዜ የሚታገሡት ነው። ከ110 በላይ ሲሆን ጭነቱን መቀነስ ያስፈልጋል። ወደ 115 እና ከዚያ በላይ ሲጠጋ ብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የሚረጨውን ነዳጅ በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ አሽከርካሪውም ሞተሩ ጉልበት እንዳጣ ይሰማዋል።

3.2 የሞተር ዘይት። ዘይት ከፈሳሹ ዘግይቶ ይሞቃል፤ ዘግይቶም ይቀዘቅዛል። በጭነት ጊዜ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ መሆኑ የተለመደ ነው። ከ130 በላይ በዘለቀ ጊዜ ግን የዘይቱ ዕድሜ በፍጥነት ያጥራል፤ በተለምዶ የሚሠራበት ግምት እንደሚለው በየ10 ዲግሪ ጭማሪ ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር የሚዋሐድበት ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል።

የዘይት ሙቀት ለብቻው ከሚነበብ ይልቅ ከፈሳሹ ሙቀት ጋር ተነጻጽሮ ቢነበብ የበለጠ ይናገራል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2003 እና በ2007 መካከል በአሜሪካ ገበያ በፎርድ ፒክአፖች ላይ የተገጠመው ባለ6.0 ሊትር ፓወር ስትሮክ ሞተር ነው። በዚህ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ጠባብ መተላለፊያዎች በፈሳሹ ውስጥ ባሉ ዝቃጮች ይደፈኑ ነበር። የፈሳሹ ሙቀት ጠቋሚ ምንም ሳያመለክት የዘይቱ ሙቀት ይርቀዋል። መካኒኮች የሚጠቀሙበት መለኪያም ሞተሩ በደንብ ሞቆ በተረጋጋ ፍጥነት ሲጓዝ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማለፉ ነበር። ምልክቱ ችላ ከተባለ ከዘይት ማቀዝቀዣው ቀጥሎ ፈሳሽ የሚያገኘው የጭስ ማቀዝቀዣ ለጉዳት ይጋለጣል። ትምህርቱ ከአንዱ ሞተር አልፎ ይሄዳል፦ ሁለት መደበኛ የሚመስሉ ቁጥሮች በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲሰፋ በሽታን ሊያሳዩ ይችላሉ።

3.3 የጭስ ሙቀት። ከሲሊንደር ወጥቶ ወደ ቱርቦ የሚገባው ጭስ ያለ ጭነት ከ250 እስከ 400 ዲግሪ፣ ተጎታች እየሳበ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ከ500 እስከ 650 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሊዘልቅ የማይገባው ጣሪያ በአብዛኛው ከ675 እስከ 700 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል። ንጹሕ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ሆኖ ሳለ የአልሙኒየም ፒስተን እንዴት ይህን ይቋቋማል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ፒስተኑ ትኩስ ጋዝ የሚነካው በየዑደቱ ለአጭር ቅጽበት መሆኑ፣ ከታች ደግሞ የዘይት መርጫ ያለማቋረጥ የሚያቀዘቅዘው መሆኑ ነው። የጭስ ሙቀት ከሌሎቹ የሚለየው በፍጥነቱ ነው። ፈሳሹ ለመሞቅ ደቂቃዎች ሲፈጅ ጭሱ ነዳጅ በተረገጠ በሰከንዶች ውስጥ ይዘላል፤ እግር ሲነሣም እንዲሁ ይወርዳል። ሙቀቱ ከቱርቦው በኋላ የሚለካ ከሆነ ንባቡ ከ100 ዲግሪ በላይ ዝቅ ሊል ስለሚችል የመለኪያው ቦታ ሳይታወቅ ቁጥሩን መተርጎም አይቻልም።

3.4 የካምቢዮ ዘይት። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ትልቁ የሙቀት ምንጭ የቶርክ ኮንቨርተሩ መንሸራተት ነው። በተለመደ ጉዞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ፣ በጭነት ጊዜ እስከ 110 የተለመደ ነው፤ ከ120 በላይ መዝለቅ ዘይቱንም ፍሪሲዮኖቹንም ይጎዳል። ዳገት ላይ ተስማሚ ማርሽ ሳይያዝ ሲቀር ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ያመነጨው ኃይልም በከፊል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በማንዋል ካምቢዮ ይህ ችግር የለም፤ ይልቁንም ዳገት ላይ ሲነሡ ፍሪሲዮኑን የማቃጠል አደጋ ይኖራል።

4. ጠቋሚው የሚደብቀው

በዳሽቦርድ ላይ ያለው የሙቀት ጠቋሚ ቴርሞሜትር ይመስላል፤ በብዙ ዘመናዊ ተሽከርካሪዎች ግን እንደ ቴርሞሜትር አይሠራም። አምራቾች ባለንብረቱ በየጥቂቱ ለውጥ እንዳይሸበር ሲሉ መርፌው ከ80 እስከ 105 ዲግሪ በሚደርስ ሰፊ ክልል ውስጥ መሐል ላይ እንዲቆም ያደርጉታል። በዚህ ምክንያት መርፌው ሲንቀሳቀስ የታየ ጊዜ ሙቀቱ መጨመር የጀመረበት ጊዜ ሳይሆን ከቀረው ህዳግ አብዛኛው ያለቀበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ተጎታች ዘወትር ለሚስብ ሰው ከሞተሩ ኮምፒውተር እውነተኛውን ቁጥር የሚያነብ አነስተኛ መሣሪያ ከብዙ ውድ መለዋወጫዎች ይልቅ ይጠቅማል።

ሌላም የሚያሳስት ሁኔታ አለ። ፈሳሹ አፈትልኮ ከጎደለ መለኪያው በፈሳሽ ሳይሆን በእንፋሎት ወይም በአየር ተከቦ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ እየነደደ ጠቋሚው ዝቅ ሊል ይችላል። ዳገት መሐል ላይ በድንገት «የቀዘቀዘ» ሞተር ስለዚህ የሚያስደስት ሳይሆን የሚያስጠረጥር ነው።

5. ከፍታና የመፍላት ነጥብ

ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ቁጥር ከቴርሞስታቱ የመከፈቻ ሙቀት እምብዛም አይርቅም። ሞተሩን ከዚህ ችግር የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። 1.1 ባር የሚይዝ ክዳን በዚያው ከፍታ የውኃን መፍያ ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል። ግማሹ ግላይኮል የሆነ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ደግሞ ጥቂት ዲግሪዎች ጨምሮ ከ125 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ክዳኑ ላልቶ ግፊት መያዝ ሲያቅተው፣ ፈሳሹም ተራ ውኃ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ህዳግ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በደጋ አገር ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ክዳን የሞተር ዕድሜ የሚወስነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታ አየሩንም ያሳሳል። በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ነው፤ በመሆኑም በእኩል ፍጥነት የሚሽከረከር ማራገቢያ የሚያሳልፈው የአየር ክብደት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ቱርቦውም በቂ አየር ለማስገባት የበለጠ ይደክማል፤ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል። የደጋው ቅዝቃዜ ከዚህ ጉድለት የተወሰነውን ያካክሳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የዓባይን ሸለቆ የሚያቋርጥ ተሽከርካሪ ሁለቱንም ገጽታ በአንድ ጉዞ ያያል። ከወንዙ ድልድይ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚገጥመው ሞቃት አየር ነው፤ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ደግሞ አየሩ ቢቀዘቅዝም ይሳሳል፤ ሞተሩም በዚህ ጊዜ ሙቀቱን አጠራቅሞ ደርሷል።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ሊታረም የሚገባው አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ሞተር እንዳይሞቅ በሚል ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር በቀላል ጉዞ ጊዜ ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል፤ ነዳጁም በሚገባ ሳይቃጠል ወደ ዘይቱ ይሰርጋል። በብዙ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ራዲያተሩን የሚዘልለውን አቋራጭ መስመር ይዘጋል። እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከፈሳሹ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ለመከላከል የታሰበው መሞቅ በከባድ ጭነት ጊዜ ይባባሳል።

6. ወሰኑ በተግባር የሚፈተንበት ዳገት

አንድ ፒክአፕ የሚስበው ክብደት ለገዢ ከመነገሩ በፊት የማቀዝቀዣው ሥርዓት እንዴት እንደሚፈተን ማወቅ ጠቃሚ ነው። በ2008 የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለውን መመዘኛ አወጣ። መመዘኛው መሠረት ያደረገው በአሪዞና ግዛት ዴቪስ ዳም በሚባለው ስፍራ የሚገኘውን 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዳገት ነው። መንገዱ 900 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አማካይ ተዳፋቱም 5 በመቶ ገደማ ነው። ተሽከርካሪው የሚፈቀድለትን ሙሉ ጭነት እየሳበ፣ የውጪው አየር ቢያንስ 38 ዲግሪ በሆነበት፣ የውስጥ ማቀዝቀዣው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ዳገቱን መውጣት አለበት። ከኋላ ነጠላ ጎማ ያለው ፒክአፕ ፍጥነቱ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር በታች መውረድ የለበትም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የማስጠንቀቂያ መብራት መብራት የለበትም፤ ፈሳሽም መፍሰስ የለበትም።

መመዘኛው አንድ የተወሰነ የሙቀት ቁጥር በመጠበቅ ላይ አለመመሥረቱ ልብ ሊባል ይገባል። የሚጠይቀው ሥርዓቱ ሚዛኑን ጠብቆ ሥራውን እንዲፈጽም ነው። በተጨማሪም ፈተናው አዲስና ንጹሕ ራዲያተር ባለው ተሽከርካሪ የሚካሄድ መሆኑ አይዘነጋም። ክንፎቹ በአቧራ፣ በጭድና በነፍሳት የተደፈኑ፣ ፈሳሹ ለዓመታት ያልተቀየረ ተሽከርካሪ ያንኑ ክብደት በዚያው ህዳግ ይስባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

7. በዳገት ላይ የሚወሰዱ እርምጃዎች

ከላይ ከተጠቀሱት መርሆች የሚከተሉት እርምጃዎች በቀጥታ ይመነጫሉ።

ሀ. ማርሽ መቀነስ ያለበት ዳገቱ ሲጀመር እንጂ ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር አይደለም። ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚፈለገው ኃይል አይለወጥም፤ ነገር ግን የሞተሩ ዙር ሲጨምር የውኃ ፓምፑና ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ማራገቢያ ይፈጥናሉ፤ ለእያንዳንዱ ጠብታ ነዳጅ የሚደርሰው አየርም ስለሚበዛ የጭሱ ሙቀት ይወርዳል።

ለ. ሙቀቱ መውጣቱን ከቀጠለ ቀዳሚው መፍትሔ ፍጥነትን መቀነስ ነው። የውስጥ ማቀዝቀዣን ማጥፋት ቀጥሎ ይመጣል፤ ምክንያቱም የእሱ ኮንደንሰር ከራዲያተሩ ፊት ተቀምጦ የሚገባውን አየር አስቀድሞ ያሞቃል። ማሞቂያውን መክፈትም ምቾት ቢነሣም እንደ ትንሽ ተጨማሪ ራዲያተር ያገለግላል።

ሐ. መቆም ካስፈለገና ፈሳሹ ካልጎደለ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አይገባም። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሠራ ፈሳሹና ዘይቱ እየተዘዋወሩ ሙቀቱን ያስወግዳሉ፤ በተለይም በቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ወደ ከሰል እንዳይለወጥ ይጠብቃሉ። ፈሳሽ ሲፈስ ወይም የዘይት ግፊት መብራት ሲበራ ግን ወዲያውኑ ማጥፋት ግድ ነው።

መ. የራዲያተር ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ፈጽሞ አይከፈትም። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የነበረው ፈሳሽም በዚያችው ሰከንድ ፈልቶ ወደ ከፋቹ ፊት ይወረወራል።

8. መደምደሚያ

ተጎታች የሚስብ የናፍጣ ሞተር ከባዶው በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ከፍ ብሎ መሥራቱ የተፈጥሮ ሕግ ውጤት ነው። ጤነኛውን ከታመመው ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ከአንድ ቁጥር ይሻላሉ። ጭነቱና ፍጥነቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ በአንድ ደረጃ ይረጋል ወይስ ያለማቋረጥ ይወጣል? ዳገቱ ካለቀ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል? በዘይቱና በፈሳሹ መካከል ያለው ርቀት እንደ ወትሮው ነው? ለሦስቱም መልሱ መልካም ከሆነ በ104 ዲግሪ የሚሠራ ሞተር ሥራውን እየሠራ ነው። መልሱ መልካም ካልሆነ ግን በ95 ዲግሪ ያለ ሞተርም ምርመራ ያስፈልገዋል። አሽከርካሪው ይህን ልዩነት ለማወቅ የራሱ ተሽከርካሪ በሚያውቀው ዳገት፣ በሚያውቀው ጭነት የሚያሳየውን ንባብ አስቀድሞ መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል፤ ለአንድ ሞተር ከሁሉ የተሻለው መመዘኛ የራሱ የትናንት ጤንነት ነውና።